ወለሉን የምታስገሳው ሴት

ሃጂራ ሙክታር ጫማ አትወድም ነበር። ባሏ ሽኩር በተጋቡ በዓመቱ አንድ ቡናማ የቆዳ ጫማ ገዝቶላት ነበር። ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ታደርገውና ከደጅ ራቅ እንዳሉ አውልቃ በእጇ ትይዘዋለች። ሽኩር «እኔ የገዛሁት ለእግርሽ ነው ወይስ ለእጅሽ?» ሲላት፣ «እግሬ ከታፈነ ጆሮዬም ይደፈንብኛል» ትለው ነበር።

ይህን ሁሉ ያጫወተችኝ የመጨረሻ ልጇ ሚስኪ ናት። ሚስኪ ስለ እናቷ ስታወራ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ወሬውን የምትጀምረው ከሳቀች በኋላ ነው። ሳቋን የምታቆመው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ቶሎ ትናገረውና ታልፈዋለች። እኔም እንደሷ ላድርግ።

ሃጂራና ሽኩር ከስልጤ አገር መጥተው ኮልፌ ወንዝ ዳር የተቀመጡት ጣሊያን ከመግባቱ ስድስት ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሽኩር ጨው፣ ላምባና ሳሙና የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ጣሊያኖች ከተማውን ሦስት ቀን ሲያቃጥሉ ሱቋም ከነጨዋ ነደደች። ሽኩር ባሕር ዛፍ ውስጥ ተደብቆ ተረፈ። ታላቅ ወንድሙ ሀምዱ ግን እሱን ሊፈልግ እንደወጣ ቀረ፤ ሬሳውም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ሽኩር ለብዙ ጊዜ ከግቢው መውጣት አስጠላው። ቤት ውስጥ ደግሞ አራት ልጅ አለ፤ ልጅ ደግሞ አባቱ ቢያዝንም ይርበዋል። ሃጂራ ሥራ ፍለጋ ወጣች።

ያገኘችው ሥራ ወለል ማጠብ ነበር።

ቤቱ ከመንደሩ በላይ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገበሬ ተነሥቶ በተባረረበት ጉብታ ላይ የተሠራ የድንጋይ ቪላ ነው። ባለቤቱ ፓስኳሊ የሚባል ጣሊያን ነበር፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ። ሰባ ዓመት ያለፋትን እናቱን ሲኞራ ኢዳን ከአገሯ አምጥቷት ነበር። አሮጊቷ አፍሪካ ትሄጃለሽ ስትባል አሸዋና ግመል መስሏት ስስ ቀሚስና ማራገቢያ ይዛ መጣች። የተቀበላት ግን የኮልፌ ሐምሌ ነው። ድሮም ቁርጥማት ያለበት ጉልበቷ በሳምንቱ ከአልጋ አላስነሣ አላት።

መሐንዲሱ ለዚህ ምድጃ አይበቃም አለ። በአገሩ እዚያም እዚህም መሠራት የጀመረ ብልሃት ነበርና እሱን አሠራ። ወለሉ ተቆፍሮ የብረት ቱቦ እንደ አንጀት እየተጠማዘዘ ተዘረጋበት፣ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፣ በሲሚንቶው ላይ ንጣፍ ተነጠፈ። ከቤቱ ኋላ ቁልቁለቱ ላይ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ትልቅ የብረት ፈርኔሎ ቆመ። ፈርኔሎው ውስጥ ባሕር ዛፍ ይነዳል፣ ውሃው ይሞቃል፤ የሞቀው ውሃ ሽቅብ ወጥቶ በወለሉ ሆድ ውስጥ ሲዞር ይቆይና ሲበርደው ተመልሶ ይወርዳል። ጣሪያው ሥር ደግሞ የጎደለውን የሚሞላ የውሃ በርሜል አለ። ነገሩ ይኸው ነው።

መንደሩ ግን እንዲህ አልተረዳውም። የሃጂራ ጎረቤት ወይዘሮ ወለተጻድቅ አንድ ቀን አጥር ላይ ተንጠልጥላ ለመነቻት።

«በፈጣሪ ይዤሻለሁ ሃጂራዬ፣ እዚያ ቤት መሄዱን ተዪ። ሰውየው ሲኦልን በቱቦ ስቦ ቤቱ አስገብቷል ነው የሚሉት።»

«ሲኦል ከሆነማ» አለች ሃጂራ፣ «በዚህ ብርድ ሰው ተራ ይዞ በገባበት ነበር።»

ፈርኔሎውን የሚጠብቀው ካቦ ቱሊዮ የሚባል ወታደር ነበር። በዘመቻው ጊዜ ሥራው የወታደር ፓስታ የሚቀቀልበትን እሳት ማንደድ ስለነበረ እሳት ያውቃል ተብሎ ተመደበ። በእጁ አንዲት መመሪያ መጽሐፍ አለች፤ ወለሉ ምንም ቢሆን መጽሐፏን ይገልጥና እንጨት ይጨምራል። በፈርኔሎው ክፍል በር ላይ በጣሊያንኛና በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የአገር ሰው ገብቶ ማሽን እንዳይነካ ነው ትእዛዙ። ሃጂራ ማንበብ ስለማትችል የተጻፈውን አላወቀችም፤ ቱሊዮ ጣቱን እያወዛወዘ ነግሯታል።

መሐንዲሱ ከቱሊዮ ይልቅ አማርኛ ይሞክራል። የተማረው ግን ከወንዶች የቀን ሠራተኞች ስለነበር ሴትና ወንድ አይለይም። «ሃጂራ! አንተ ና! አንተ ጎበዝ!» ሲላት መጀመሪያ ሰሞን ወደ ኋላዋ እየዞረች ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር።

የሠላሳ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው ወለሉ አኮረፈ። የመኝታ ክፍሉ ይሞቃል። አሮጊቷ ቀኑን ሙሉ ሹራብ እየሠራች የምትውልበት የሳሎኑ መስኮት ሥር ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዘቀዘ። ቱሊዮ መጽሐፉን ገለጠና እንጨት ጨመረ። ሳሎኑ ንቅንቅ አላለም፤ የመኝታ ክፍሉ ግን ከመጋሉ የተነሣ ሲኞራ ኢዳ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ እንደ ፌንጣ ዘለለች። ከዘለለች ብዙ ዘመን ሆኗት ነበርና ልጇ መጀመሪያ የዳነች መስሎት ደስ አለው።

ሦስት ቀን ሙሉ ፓስኳሊ የሙቀት መለኪያውን ይዞ በወፍራም ቡቱ ሳሎኑ ውስጥ ሲመላለስ ሰነበተ። ይለካል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። በመጨረሻ ቱቦው አንድ ቦታ ተደፍኗል፣ የሚቀጥለው ሰኞ ወለሉ ይፈነቀላል ብሎ ወሰነ። ሃጂራ ባልዲዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ሰማች።

«ሲኞር፣ ወለሉ አይፍረስ» አለች።

«አንተ ምን ታውቅ?»

«እኔማ ምንም አላውቅም። እግሬ ግን የት ድረስ እንደሚሞቅ ያውቃል። በየቀኑ እሄድበት የለም እንዴ?»

መሐንዲሱ አልገባውም። ሃጂራም በቃል ማስረዳቱን ተወችና ባልዲዋን አንሥታ ሳሎኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ አረጠበችው። ወለሉ ላይ የውሃ ኩሬ እንዳይኖር በጨርቅ ገፋ ገፋ አደረገችና እጇን አንሥታ «ይጠብቁ» አለች።

ጠበቁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ በበሩ በኩል አንድ ደረቅ መስመር ብቅ አለ፤ እየረዘመ ሄዶ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ታጠፈና ተመለሰ፣ እንደገና ታጠፈ። የሞቀው ቱቦ በላዩ ያለውን ንጣፍ እያደረቀ፣ መታጠፊያውን ሳይቀር በእርጥቡ ወለል ላይ ራሱን ይጽፍ ጀመር። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን ደረቁ መስመር ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲያ እስከ መስኮቱ ድረስ ያለው ሁሉ እርጥብ ነው።

ፓስኳሊ የቤቱን ንድፍ ከመሳቢያ አውጥቶ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ወለሉን ያይ ጀመር።

«አሁን ጫማዎን ያውልቁ» አለችው ሃጂራ።

ሰውየው ቀላ። ከሱ በፊት ግን እናቱ ነጠላ ጫማዋን ወርውራ ካልሲዋን መጎተት ጀመረች። እሱም ምን ምርጫ አለው፣ ቡቱን ፈታ። እግሮቹ የተላጠ ድንች ይመስሉ ነበር ትላለች ሚስኪ፣ እናቷ እንደነገረቻት። ሃጂራ ከፊት፣ መሐንዲሱ ከኋላ፣ አሮጊቷ የልጇን ትከሻ ይዛ፣ ሦስቱም በቱቦው መስመር ላይ እንደ ዳክዬ ተከታትለው ሄዱ።

«ይሞቃል?»

«ይሞቃል።»

«እዚህስ?»

«ይሞቃል።»

«እዚህ?»

«እዚህ… ማማ ሚያ!» አለ መሐንዲሱ፣ እግሩን አንሥቶ።

ሃጂራ ተንበርክካ ጆሮዋን ወለሉ ላይ ለጠፈች። ከታች ጉር፣ ጉርርር የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። አራት ልጅ አጥብታ አሳድጋለች።

«ነፋስ ነው» አለች። «ሆዱ ተነፍቷል። መግሳት አለበት።»

ማንም አልገባውም። ሃጂራ ከሶፋው ላይ ትራስ አነሣች፣ እንደ ሕፃን ትከሻዋ ላይ አጋደመችው፣ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገችና በትራሱ ፈንታ ራሷ አገሳች።

«ሩቲኖ!» ብላ ጮኸች ሲኞራ ኢዳ። የሕፃን ግሳትን በቋንቋቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። ልጇ ገና አፉን ከፍቶ ሲያይ እሷ በሳቅ እንባዋ ይወርድ ነበር።

ኋላ ነው መሐንዲሱ ግንባሩን በመዳፉ የመታው። ቱቦው ውስጥ የገባ አየር የሚወጣባቸው ትንንሽ መተንፈሻዎች በየግድግዳው ሥር መኖር ነበረባቸው። የመስኮቱን ፈለጉ፤ ቀለም ቀቢው ከግድግዳው ጋር አንድ አድርጎ ቀብቶት ነው እንጂ ከሶፋው ኋላ ነበረ። ቱሊዮ ተጠርቶ ቀለሙን ፋቀና በቁልፉ ሊከፍት ፊቱን አስጠግቶ ተንበረከከ። ሃጂራ «ራቅ በል» ብላው ነበር፤ ቱሊዮ ግን የሷን ምክር መስማት ገና አልጀመረም። መተንፈሻው እፍፍፍ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ቀጥሎም የዝገት ውሃውን በቱሊዮ ጢም ላይ ተፋው።

ብዙም ሳይቆይ ደረቁ መስመር ከቆመበት ተነሥቶ ወደ መስኮቱ መሄድ ጀመረ። አሮጊቷ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሃጂራም ጨርቋን አንሥታ ከቱሊዮ ጢም የተንጠባጠበውን ወለወለች፤ ሌላ ማን ሊወለውለው?

ከዚያ ቀን ወዲህ በወረቀት ላይ የፈርኔሎው ኃላፊ ካቦ ቱሊዮ ነው፤ ሥራው ግን ወደ ሃጂራ ዞረ። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት አምስቱንም መተንፈሻዎች በየተራ ታስገሳለች፤ ውሃው ሳያስነጥስ ቀጥ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ከፍታ ትይዛቸዋለች። ከዚያ መሰላል ወጥታ በርሜሉን ታያለች። ውሃው በርሜሉ ውስጥ ከተመታው ሚስማር በታች ከወረደ ሁለት ባልዲ ትጨምራለች፤ እሱም የዝናብ ውሃ ነው፣ «የወንዙ ውሃ ቱቦውን አፈር ይመግበዋል» ብላ ስለማታምነው። አመዱ በየቀኑ ይዛቃል፣ የጭስ ማውጫው በወር አንዴ ይጠረጋል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የታችኛውን ቧንቧ ከፍታ ውሃውን ሁሉ ታፈሳለች፤ ቀይ ሆኖ የጀመረው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ታጥበውና እንደገና ትሞላዋለች። አመዱን ወይዘሮ ወለተጻድቅ ለጎመኗ ወሰደችው። የመጀመሪያውን ቁና ጠበል ረጭታበት ነበር። ጎመኑ ሲያምር ግን መርጨቱን ተወችው።

እሳቱ መጠኑን እንዳያልፍ የምታውቅበት የራሷ መለኪያ ነበራት። ከፈርኔሎው የሚወጣውን ቱቦ በመዳፏ ይዛ ፋቲሓን ትቀራለች። እስከ መጨረሻው ይዛ መቆየት ከቻለች ደህና ነው፤ መሐል ላይ እጇን ካነሣች በዝቷል፣ እንጨት ይቀነሳል። ቱሊዮም አየና ወደዳት፣ በራሱ ጸሎት ይለካ ጀመር። የሱ ጸሎት አጠር ያለ ስለነበር እሱ በለካ ቀን ወለሉ ትንሽ ይተኩሳል። አሮጊቷም እግሯን ስታሳርፍ ብቻ፣ ዛሬ የለካው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ታውቃለች ይባል ነበር።

ሽኩር ያን ቤት አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም። ጣሊያን ያለበትን ግቢ አልረግጥም ብሎ ምሏል። ግን ሃጂራ ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ስለ ታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ይላታል።

«ደህና ነው፣ ሁለቴ ብቻ ነው ያገሳው።»

«አልሐምዱሊላህ» ይልና ደግሞ በራሱ ይናደዳል።

በሠላሳ አንድ ኅዳር ላይ አንድ የጣሊያን ሹም ከከተማ መጣ። በነጮች ቤት የአገር ሰው ማሽን ሲያንቀሳቅስ ተገኝቷል የሚል ወሬ ደርሶት ነው። ያን ጊዜ ነጭና ጥቁር በአንድ አውቶቡስ እንዳይሳፈር፣ በአንድ ጠረጴዛ እንዳይበላ ሕግ በሕግ ላይ የሚወጣበት ነበር። አንድ የስልጤ ሴት የጣሊያን ቱቦ ስታስገሳ ከተገኘች የሚከተለው ቀልድ አይደለም። መሐንዲሱ ድልድዩ ጋ ነበር። ቤት ውስጥ ያሉት አሮጊቷ፣ ቱሊዮና ጥግ ላይ ተንበርክካ ወለል የምታሽ ሃጂራ ብቻ ናቸው። ከሹሙ ጋር በዛብህ የሚባል ኮት የለበሰ ያገር ሰው አስተርጓሚ አለ።

ሹሙ ቱሊዮን «ማሽኑን አንተ ከሆንክ የምትጠብቀው፣ እስቲ አየሩን አስወጥተህ አሳየኝ» አለው።

ቱሊዮ ቁልፉን ይዞ መተንፈሻው ፊት ተንበረከከ። ጢሙ ላይ ከተፋበት ቀን ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ወደ ግራ ነው የሚዞረው ወደ ቀኝ? ላብ አጠመቀው። ወደ ቀኝ ሊያዞር እጁን ሲያነሣ፣ ከወደ ጥጉ ሃጂራ ጮኸች።

«አንቺ ድመት! ወደ ግራ! ወደ ግራ ሂጂ አላልኩሽም?»

ቱሊዮ ከአማርኛ የሚያውቀው እሷ ያስተማረችውን አሥር ቃል ነው፤ ግራ ከነሱ አንዱ ነበር። እጁ ወደ ግራ ዞረ።

«ቀስ! ቀስ በይ! ማን ያባርርሻል?»

መተንፈሻው እፍፍፍ አለ። ሹሙ ዞረ። «ይህቺ ሴትዮ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

በዛብህ ሃጂራን አያት። ቱሊዮን አየው። ባዶውን ጥግ አየው። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ከድመቷ ጋር ነው ጌታዬ» አለ በጣሊያንኛ።

«ድመቷ የታለች?»

በዛብህ ጎንበስ ብሎ ሶፋው ሥር ተመለከተና ቀና አለ። «በግራ በኩል ወጥታለች።»

«በቃ!» አለች ሃጂራ። «አፍሽን ዝጊ! አጥብቀሽ ዝጊ!»

ቱሊዮ ዘጋ። አጥብቆ ዘጋ። አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ሲኞራ ኢዳ ነገሩ የገባት ይመስላል፤ ሹራቧን ፊቷ ድረስ ከፍ አድርጋ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሹሙ ረክቶ ወደ ፈርኔሎው ክፍል ወረደና በሩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ አየ። ጣሊያንኛውን ራሱ አነበበ። «አማርኛውም እንደዚሁ ነው የሚለው?» ብሎ ጠየቀ። በዛብህ አነበበው። የጻፈው ሰው እንዳይገባ ሊል ስቶ ኖሮ፣ «የአገር ተወላጅ ከዚህ እንዳይወጣ» ይል ነበር።

«ቃል በቃል ያው ነው ጌታዬ» አለ በዛብህ።

ሹሙ እዚያው ቆሞ ለካቦ ቱሊዮ ብቁ ባለሙያ ነው የሚል ወረቀት ጽፎ ማኅተም መታበት። ሲወጡ በዛብህ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ቀረና በሃጂራ በኩል አለፈ።

«እህቴ» አላት በሹክሹክታ፣ «ድመትሽ ጎበዝ መካኒክ ናት።»

«ቀለብ ግን አይሰፍሩላትም ወንድሜ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

በሠላሳ ሦስት ሚያዝያ ጣሊያን ወደቀ። ፓስኳሊና እናቱ ከሌሎቹ ጣሊያኖች ጋር ተሰብስበው በካሚዮን ተወሰዱ፤ ቱሊዮም ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሄደ። አሮጊቷ ከመኪናው ላይ ሆና የሃጂራን እጅ ለረጅም ጊዜ ይዛ አልለቅ አለች። ሚስኪ አንድ ቀን እናቷን «አዘንሽ ወይስ ደስ አለሽ?» ብላ ጠይቃት ነበር። «ጉልበቷ ያሳዝነኝ ነበር» አለቻት ሃጂራ። «የሀምዱ መቃብር ግን የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱም እኔው ሆድ ውስጥ ነው ያሉት። ምን አደርጋቸዋለሁ?»

ቤቱን የያዙት አምስት ዓመት በዱር የተዋጉ አንድ አርበኛ፣ ግራዝማች መሸሻ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሰብሌ ጋር ነበሩ። የገቡት በሰኔ ብርድ ነው። አሽከሮቻቸው ከኋላ ያገኙትን ትልቅ ምድጃ አይተው እንጨት ሞሉና ለኮሱት። ቱቦው ሁለት ወር ያህል ሳያገሳ ቆይቷል፤ በርሜሉም ጎድሏል። ግራዝማች ቁርስ ሊቀምሱ ሲቀመጡ ከእግራቸው ሥር አንድ ነገር ቃተተ።

ግራዝማች ሽጉጣቸውን መዘዙ። «ወለሉ ሥር ሰው አለ! ውጣ! እጅህን ሰጥተህ ውጣ!»

ወለሉ ጉርርር ብሎ መለሰላቸው።

«ይሳደባል ደግሞ!» አሉና አንድ ጥይት ለቀቁበት። ጥይቱ ቱቦውን ሳተ እንጂ ንጣፉን ለሁለት ከፈለው። ወይዘሮ ሰብሌ የባላቸውን እጅ ይዘው ወደ መንደሩ ሰው ላኩ። የተላከው ሰው ይዞ የተመለሰው ሃጂራን ነው።

ሃጂራ ገብታ ጆሮዋን ወለሉ ላይ ለጠፈች። «ግራዝማች፣ ይሄ እጅ የሚሰጥ አይደለም። ነፋስ ነው» አለች። አምስቱንም መተንፈሻዎች በየተራ አስገሳች፣ በርሜሉን ሞላች። ወለሉ ጸጥ አለ፣ ቆየት ብሎም መሞቅ ጀመረ። ግራዝማች ሽጉጣቸውን እየከተቱ፣ «አምስት ዓመት ከጣሊያን ጋር ተታኩሼ በሆድ ነፋስ ልሸነፍ!» ብለው ሳቁ።

«በይ እንግዲህ» አሏት፣ «እንደ ድሮሽ ወለሉንም እያጠብሽ ይህንንም እያየሽ ትኖሪያለሽ።»

ሃጂራ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «ወለል ማጠቡን ትቻለሁ ጌታዬ። ባለሙያ ብለው ከቀጠሩኝ ግን እመጣለሁ። ወለሉን ሌላ ሰው ያጥበዋል።»

ግራዝማች ቅንድባቸውን ሰቀሉ። እንዲህ ያለ ንግግር ከሴት፣ ያውም ከወለል አጣቢ ሰምተው አያውቁም።

«ጣሊያኑ እንኳ ባለሙያ ብሎ አልቀጠረሽም» አሉ።

«አልቀጠረኝም። ለዚህ ነው እርስዎን የምጠይቅዎ።»

«ትክክል ናት» አሉ ወይዘሮ ሰብሌ፣ የሞቀው ንጣፍ ላይ እንደቆሙ። «በል መሸሻ፣ ቅጠራት። እግሬ ገና አሁን ነው ነፍስ የዘራው።»

እንዲህ ሆነና ሃጂራ በማግሥቱ በዋናው በር ገባች። ወይዘሮ ሰብሌ ደግሞ ነገር ሁሉ ካላወቅኩ የሚሉ ሴት ነበሩ። በሳምንቱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ፈርኔሎው ክፍል ወረዱና «አሳዪኝ» አሉ። ግራዝማች «የኔ ሚስት አመድ ልትዝቅ?» ብለው ቢጮኹም የሚሰማቸው አልተገኘም። ሁለቱ ሴቶች መተንፈሻዎቹን ተካፈሉ፤ ሃጂራ ሦስቱን፣ ወይዘሮ ሰብሌ ሁለቱን። መስከረም ላይ የሚወጣውን ቀይ ውሃ አብረው ቆመው ያዩታል፣ እስኪጠራ ድረስም መንደሩን ያሙታል።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከዚያ ብረቱ አረጀ። መጀመሪያ የመኝታ ክፍሉ ሥር ውሃ ማዛት ጀመረና ሃጂራ ያን ቅርንጫፍ ዘጋችው። በዓመቱ ኮሪደሩ ተከተለ፣ ቀጥሎ ሳሎኑ። ግራዝማች ወለሉን አፍርሶ ሌላ ቱቦ የሚያስገባ ባለሙያ ቢያስፈልጉም አልተገኘም። ወይዘሮ ሰብሌ ከሰል ገዙ።

ሃጂራ ግን ሥራ አልፈታችም። ሽኩር ከዚያ ቀደም ብሎ እንደገና ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ በዚህኛው ጨውና ላምባውን ትቶ ቱቦ፣ ቧንቧና ጎማ መሸጥ ጀመረ። ሸጠ እንበል እንጂ የትኛው ለምን እንደሚሆን አንዱንም አያውቅም ነበር። ቧንቧው የሚንጠባጠብበት፣ ቱቦው የተደፈነበት ሰው ሁሉ ከሳንሱሲና ከአስኮ ሳይቀር እየመጣ ችግሩን ሲዘረዝርለት፣ ሽኩር አንገቱን እየነቀነቀ በጥሞና ያዳምጠውና በርጩማ ያቀርብለታል።

«አረፍ ይበሉ ጌታዬ» ይላል፣ ወደ ጓዳው እያየ። «ባለሙያዋ ሶላት ላይ ናት።»